ከመርከቡ መውረጃ እስከ ከተማው፦ በሃዋይና በጃፓን ወደቦች የተዘዋወርኩበት መንገድ

ከሃዋይ ተነሥቶ ሰላማዊ ውቅያኖስን በማቋረጥ ጃፓን የሚያበቃ የመርከብ ጉዞ ከእናቴ ጋር ለማድረግ ስዘጋጅ ቀድሜ የተረዳሁት፣ ትኬቱ ላይ የተጻፈው የከተማ ስም ብቻውን ብዙም እንደማይነግር ነው። «ሆኖሉሉ» ወይም «ዮኮሃማ» ይላል፤ ዳሩ ግን እነዚህ ከተሞች ከአንድ በላይ የመርከብ ማቆሚያ አላቸው፤ አንዱ መሀል ከተማ ሲሆን ሌላው ኮንቴይነር በተደረደረበትና እግረኛ በማያልፍበት ሥፍራ ይገኛል። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ይህ ልዩነት ለእኛ ቀላል አልነበረም። ስለዚህ ምን እንደምንጎበኝ ከመወሰኔ በፊት መርከቡ የትኛው ማቆሚያ እንደሚጠጋ፣ ከዚያም እስከ አውቶቡሱ ወይም እስከ ባቡሩ ያለው የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር በምን እንደሚኬድ አጣራ ነበር። የወደብ አስተዳደሮች የመርከቦችን መርሐ ግብር ከነማቆሚያው አስቀድመው ስለሚያወጡ መረጃውን ማግኘት አስቸጋሪ አይደለም። ቀኑ ሲቃረብ ግን እንደገና ማየት ያስፈልጋል፤ ማቆሚያ ይለወጣልና።

ሆኖሉሉ ላይ እ.ኤ.አ. በ1926 የተሠራው አሎሃ ታወር ካለበት ከ10ኛው ወይም ከ11ኛው ማቆሚያ የሚነሣ ሰው ዕድለኛ ነው፤ መሀል ከተማው ደጁ ላይ ሲሆን የኢዮላኒ ቤተ መንግሥትም በእግር ይደረሳል። 2ኛው ማቆሚያ ደግሞ ወደ ምሥራቅ ራቅ ብሎ ለአላ ሞአና የገበያ ማዕከል ይቀርባል። «ዘ ባስ» የሚባለው የከተማው አውቶቡስ እኛ በነበርንበት ጊዜ ለአንድ ጉዞ 3 ዶላር ያስከፍል ነበር፤ ሹፌሩ መልስ ስለማይሰጥ የተዘረዘረ ገንዘብ ወይም «ሆሎ» የተባለውን ካርድ መያዝ ያስፈልጋል። ከአውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ ወደ መርከብ የሚሄዱ መንገደኞች አንድ ነገር ልብ ቢሉ መልካም ነው፤ ይህ አውቶቡስ ጭን ላይ ወይም ወንበር ሥር የማይገባ ሻንጣ አይጭንም። ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ይዞ በሦስት ዶላር መሄድ አይታሰብም፣ ታክሲ ግድ ነው።

ፐርል ሃርበርን ለማየት የፈለገ ሰው በጃፓን ጥቃት ወደ ሰጠመችው የጦር መርከብ ወደ ዩኤስኤስ አሪዞና መታሰቢያ የምትወስደውን ጀልባ አስቀድሞ መያዝ አለበት። የጀልባዋ ቦታ ማስያዣ ከጉብኝቱ ቀን ስምንት ሳምንት ቀድሞ የሚከፈት ሲሆን ክፍያው አንድ ዶላር ነው፤ ያ ካመለጠ ደግሞ ጥቂት ቦታዎች በዋዜማው ይለቀቃሉ። ወደ ግቢው ቦርሳ ይዞ መግባት አይፈቀድም፤ የሴት የእጅ ቦርሳም ቢሆን በር ላይ ተከፍሎበት ይቀመጣል። እናቴ ቦርሳዋን ስትሰጥ ዳዊቷን አውጥታ በእጇ ያዘች፤ ጥበቃውም ገለጥ አድርጎ አይቶ በፈገግታ አሳለፋት።

በትልቁ የሃዋይ ደሴት ባለችው ሂሎ ላይ ነገሩ ይለያል። ወደቡ የጭነት ወደብ ስለሆነ ከመርከብ ሲወረድ የሚታየው መጋዘንና ኮንቴይነር እንጂ ከተማ አይደለም። ሰው ሁሉ ሊያየው የሚመጣው የኪላውያ እሳተ ገሞራ የሚገኝበት ብሔራዊ ፓርክ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። «ሄሌ ኦን» የሚባለው የደሴቲቱ አውቶቡስ ያን ጊዜ ያለ ክፍያ ያገለግል ነበር፤ ነገር ግን ወደ ፓርኩ የሚሄደው በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ በመሆኑ ከመርከቡ ሰዓት ጋር አይገጥምም፣ በእርሱ መተማመንም አያዋጣም። እኛ ወደቡ ላይ ተሰልፈው ከሚጠብቁት ባለ ታክሲዎች አንዱን አነጋገርን። ዋጋ ከመጥራቱ በፊት «መርከባችሁ ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚነሣው?» ብሎ ስለ ጠየቀኝ ሰውየውን ወደድኩት። በአንድ ሰው ስንት ብሎ ሳይሆን ለመኪናው በሙሉ፣ ደርሶ መልስ፣ ከነመቆያው ተስማምተን ከአንድ ሌላ ቤተሰብ ጋር ተካፈልነው፤ ክፍያውንም የሰጠነው ወደብ ከተመለስን በኋላ ነው። ይህን አሠራር ለማንም እመክራለሁ። ፓርኩ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ከታች በሸሚዝ የወጣ ሰው እላይ ብርድና ካፊያ ይጠብቀዋል፤ ለአዲስ አበባ ሰው ግን አየሩ የክረምት ማለዳ ነው፣ ነጠላም ይበቃል።

በማዊ ደሴት ባለችው ካሁሉይ ላይ ወደቡ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙ ስለማይርቅ መኪና መከራየት ከሁሉ ይሻላል፤ ነገር ግን አንድ ትልቅ መርከብ በገባ ቀን መኪና ስለሚያልቅ ከሳምንታት በፊት መያዝ ይገባል። የሃሌአካላን ተራራ ጫፍ (3,055 ሜትር ነው) በፀሐይ መውጫ ሰዓት ለማየት ለመኪናው ለብቻው ቦታ ማስያዝ ያስፈልጋል፤ በኋላ ለሚወጣ ግን ይህ አያስፈልገውም። የቆዩ የጉዞ መመሪያዎች በዚያው ደሴት ያለችውን ላሃይናን በስፋት ያወሳሉ፤ ከተማዋ ግን እ.ኤ.አ. ነሐሴ 8 ቀን 2023 በእሳት የወደመች ስለሆነች የቆየ መረጃ ይዞ መነሣት አይገባም። እንደ ሂሎ በትልቁ ደሴት ባለችው ካይሉዋ ኮና ላይ መርከቡ ባሕር ላይ መልሕቅ ጥሎ በትንንሽ ጀልባዎች ያወርዳል፤ ከወረዱ በኋላ ሁሉም በእግር የሚደረስ ነው። ይልቅ የሚታሰበው የመመለሻው ሰልፍ ነው፤ የመጨረሻዋን ጀልባ የሚጠብቀው ሕዝብ ብዙ ነው፣ ፀሐዩም ያቃጥላል። በካዋይ ደሴት ባለው ናዊሊዊሊ ወደብ ላይ የካላፓኪ ባሕር ዳርቻ የእግር መንገድ ስለሆነ እኛ ከዚያ አላለፍንም።

ከሃዋይ ወደ ጃፓን ሲኬድ የቀን መለወጫው መስመር ስለሚታለፍ አንድ ቀን ከመቁጠሪያው ይጠፋል፤ የሁለቱ የሰዓት ልዩነት 19 ሰዓት ነው። ጃፓን ውስጥ ትኬት ወይም አስጎብኚ የሚይዝ ሰው ቀኑን በጃፓን አቆጣጠር መቁጠር አለበት። እናቴን ያሳሰባት ግን ሌላ ነበር፤ የጠፋው ቀን ረቡዕ ስለነበር ጾሙ ይካካስ ወይስ ይቅር ብላ ስትጠይቀኝ መልስ አልነበረኝም።

በአሜሪካ የምንኖር ሰዎች ከሁሉ በላይ ልንጠነቀቅለት የሚገባ ጉዳይ ቪዛ ነው። የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ ሰው ለአጭር ጉብኝት ጃፓን ያለ ቪዛ ይገባል፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ግን ግሪን ካርድ ቢኖረውም የጃፓን ቪዛ ያስፈልገዋል። መርከቡ በመሀል ኮሪያ ቡሳን ደርሶ ወደ ጃፓን የሚመለስ ከሆነ ደግሞ ቪዛው ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ መሆን አለበት። ሰነዱ የሚመረመረው ገና ሲሳፈሩ ነው፤ ያልተሟላለት ሰው ከነሻንጣው ወደብ ላይ ይቀራል። የመጀመሪያው የጃፓን ወደብ ላይ የኢሚግሬሽን ሠራተኞች ከእያንዳንዱ ጎልማሳ የጣት አሻራና ፎቶግራፍ ይወስዳሉ። በብዙ ሺህ ሰው መሀል ይህ ሰዓታት ሊወስድ ስለሚችል ለዚያ ቀን ጠዋት የባቡር ትኬት መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ዮኮሃማ የማቆሚያውን ጉዳይ ከሁሉ በተሻለ ያሳያል። ኦሳንባሺ የተባለው ተርሚናል ጣሪያው እንጨት የተነጠፈበት መናፈሻ ሲሆን፣ ከእርሱ ወጥቶ ሰባት ስምንት ደቂቃ የተራመደ ሰው ኒሆን ኦዶሪ የባቡር ጣቢያ ይደርሳል። ይሁን እንጂ ወደዚያ የሚያስገባው የወደቡ ድልድይ ከባሕሩ በላይ ያለው ክፍተት 55 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ቁመታቸው ወደ ላይ ከዚያ የሚበልጥ መርከቦች ከድልድዩ ውጭ ዳይኮኩ ላይ ይቆማሉ። ዳይኮኩ አውራ ጎዳናዎች የሚገናኙበትና በእግር የማይወጣበት ሥፍራ ነው፤ የሚወጣው በታክሲ ወይም በሹትል አውቶቡስ ነው። ሁለቱም «ዮኮሃማ» ይባላሉ። ለመመለሻ ታክሲ የያዘ ሰው የማቆሚያውን ስም በጃፓንኛ ተጽፎ ካላሳየ በቀር ሹፌሩ በቅን ልቦና ሌላው ጋር ሊያደርሰው ይችላል። እኔ ስሙን በስልኬ ፎቶ አንሥቼ እይዝ ነበር። በሰሜን ጃፓን ያለችው ሐኮዳቴም እንዲሁ ናት፤ የዋካማትሱ ማቆሚያ ከባቡር ጣቢያውና ከጠዋቱ ገበያ አጠገብ ሲሆን፣ ሌላው ግን ያለ አውቶቡስ አይሆንም።

ለእናቴ ጉልበት ከሁሉ የተስማማው ኮቤ ነው። ከተርሚናሉ በተሸፈነ መተላለፊያ ወደ ፖርት ተርሚናል ጣቢያ ይገባል፤ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ያለ ሾፌር የሚሄደው ፖርት ላይነር ባቡር በሁለተኛው ፌርማታ ሳኖሚያ ያደርሳል፤ ከዚያ ፈጣኑ ባቡር ኪዮቶን በሃምሳ ደቂቃ ያህል ያስገባል። ጣቢያዎቹ አሳንሰር አላቸው፤ ነገር ግን አሳንሰሩ ብዙ ጊዜ በአንድ መውጫ ብቻ ስለሚሆን ካርታው ላይ የመውጫውን ቁጥር ማየት ያሻል።

ናጋሳኪ ላይ ከወደቡ ትንሽ ተራምዶ ትራም ይያዛል። በኋለኛው በር ይገባል፣ በፊተኛው ይወጣል፤ የሚከፈለውም ሲወረድ ነው። ከሹፌሩ አጠገብ ያለው የገንዘብ ሳጥን መልስ አይሰጥም፤ ስለዚህ ትራሙ በቆመበት ጊዜ የወረቀት ገንዘቡን በዚያው መዘርዘሪያ ማሽን ውስጥ አስገብቶ ሳንቲም ማዘጋጀት ይገባል። ሱይካ ወይም ኢኮካ የተባለውን የጉዞ መክፈያ ካርድ የያዘ ግን አስነክቶ ያልፋል፤ ወደ ሰላም ፓርክ ለመሄድም ሺንቺ ቻይናታውን በተባለው ፌርማታ ላይ ትራም ሲቀይር ሁለተኛ አይከፍልም። ጥሬ ገንዘብ ለማውጣት ሰቨን ኢሌቨን ሱቆች ውስጥ ያሉት ማሽኖች የውጭ ካርድ ይቀበላሉ። ለጾመኛ አንድ ነገር ልጨምር፤ የአትክልት የሚመስለው የጃፓን ሾርባ አብዛኛውን ጊዜ በዓሣ መረቅ የተሠራ ስለሆነ እናቴ ዓርብ ዓርብ የበላችው ኮምጣጣ ፕሪም የተሸሸገበትን የሩዝ ድብልብል ነበር።

መርከቡ ራሱ ከነአስጎብኚው የሚያዘጋጀውን ጉብኝት የገዛሁት መንገዱ ረጅም በሆነበትና አማራጭ በሌለበት ወደብ ብቻ ነው፤ በመርከቡ አስጎብኚ የሄደ መንገደኛ ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቀዋል፣ በራሱ የሄደውን ግን አይጠብቅም። በሌሎቹ ወደቦች ሁሉ የመሳፈሪያው ማብቂያ 16:30 ከሆነ ለእናቴ የምነግራት ዘጠኝ ሰዓት ብዬ ነበር፤ እርሷ በእኛ አቆጣጠር ስለምትሄድ እስከ አሥር ተኩል አንድ ሰዓት ተኩል ትርፍ ነበረን። ከመውረዳችን በፊትም በየቀኑ በክፍላችን ከሚቀመጠው ወረቀት ላይ የወደቡን ወኪል ስልክ ፎቶ አነሣለሁ። ፓስፖርታችንም ከእኛ አይለይም፤ ጃፓን ውስጥ የውጭ ጎብኚ ፓስፖርቱን ይዞ እንዲንቀሳቀስ ሕጉ ያስገድደዋል፤ መርከብ ያመለጠው ሰውም በባቡር ወይም በአውሮፕላን ቀጣዩ ወደብ ላይ ሊደርስበት የሚችለው ፓስፖርቱ በእጁ ከሆነ ነው።