መጀመሪያ ቤዙን ስሙ

ጃንግል የሚባለውን የእንግሊዝ ፈጣን የኤሌክትሮኒክ ዳንስ ሙዚቃ ለሰው ሳስደምጥ ምላሹ ሁሌም አንድ ነው። ገና ከበሮው ሲጀምር «ኧረ ይሄ ነገር ያጣድፋል!» ይሉኛል። አልፈርድባቸውም። በደቂቃ ከ160 እስከ 180 ምት ቀልድ አይደለም። ግን ከስር ያለው ቤዝ፣ ማለትም ወፍራሙ ዝቅተኛ ድምፅ፣ ብዙውን ጊዜ የሚሄደው በግማሽ ፍጥነት ነው። ከላይ ሩጫ፣ ከታች የሬጌ እርጋታ። እናንተ ራሳችሁን በቤዙ ወዝወዝ አድርጉ፤ ከበሮው ቀስ እያለ ይለመዳል።

ስለዚህ እባካችሁ በስልክ ስፒከር አትስሙት። ቤዙ ድራሹ ይጠፋና የሚቀረው ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ በረዶ ብቻ ይሆናል። ርካሽም ቢሆን ኢርፎን ይሻላል።

ለጀማሪ የምመርጠው የእንግሊዛዊውን የጃንግል አቀናባሪ የጎልዲን «ኢነር ሲቲ ላይፍ» ነው። የወጣው በፈረንጆቹ 1994 ነው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም በፈረንጆቹ ናቸው)። ከበሮው ሲራወጥ ዘፋኟ ዳያን ሻርለማኝ ቅንጣት አትቸኩልም፤ ቃሉን እየጎተተች፣ እያስረዘመች ትዘፍናለች። በ1995ቱ «ታይምለስ» አልበም ላይ ይኸው ዘፈን የ21 ደቂቃ ሥራ አካል ሆኗል። እሱን ግን ፍቅሩ ከያዛችሁ በኋላ ሞክሩት።

ሥራ ላይ ሆኖ ለሚሰማ ሰው የኤልቲጄ ቡኬም «ሆራይዘንስ» አለ። ለስለስ ያለ ነው፣ ሐሳብ አይበትንም። የብሪስቶሎቹ ሮኒ ሳይዝ እና ሬፕራዘንት ደግሞ «ኒው ፎርምስ» በተባለው አልበማቸው በ1997 መርኩሪ የተባለውን የእንግሊዝ የአልበም ሽልማት ወስደዋል። ሌላውን አቀናባሪ ፎቴክን ለጊዜው ተዉት። ጎበዝ ነው፣ ግን ቀዝቃዛ ነው። ለመጀመሪያ ቀን አይሆንም።

አንድ ከበሮ ግን ሳላወራ ማለፍ አልችልም። ዘ ዊንስተንስ የተባለ የአሜሪካ ባንድ በ1969 ባወጣው «ኤመን ብራዘር» ውስጥ ሌላው ሁሉ ዝም ብሎ ከበሮ ብቻ የሚሰማበት 7 ሰከንድ ገደማ አለ። የእንግሊዝ ልጆች ያቺን ቁራጭ በሳምፕለር (ድምፅ ቀድቶ መልሶ በሚያጫውት መሣሪያ) ቆራርጠው፣ አፍጥነው፣ ገለባብጠው ስንቱን ጃንግል ሠሩባት። መጨረሻዋ ላይ ጆሯችሁን ጣል አድርጉ። ምት ይመጣል ብላችሁ በጠበቃችሁበት ቦታ ባዶ ነው፤ ከዚያ ሲምባሉ ቀድሞ ይፈነዳል። ያ መደነቃቀፍ ነው ሰውን የሚያስነሳው። ከበሮውን የመታው ግሪጎሪ ኮልማን ከዚህ ሁሉ ሰባራ ሳንቲም ሳያገኝ በ2006 ቤት አልባ ሆኖ ሞተ። ይሄ ያናድደኛል። ሙዚቃውን ከመስማት ግን አላገደኝም።

እኛን በተለይ የሚነካ ነገርም አለ። ጃንግል ያደገው የጃማይካ ስደተኞች ልጆች በሚኖሩባቸው የለንደን ሰፈሮች፣ በሳውንድ ሲስተም (ግዙፍ ስፒከር ተክለው ሙዚቃ በሚያስጨፍሩ ቡድኖች) እና ፈቃድ በሌላቸው ድብቅ ሬዲዮዎች ነው። ከሬጌው ጋር ራስተፈሪም አብሮ ገባ። ድሮ ሬብል ኤምሲ ይባል የነበረውን ኮንጎ ናቲን ስሙ፤ በ2013 ያወጣው «ጃንግል ሬቮሉሽን» ጥሩ መነሻ ነው። በዚያ ሁሉ ቤዝ መሀል የራስተፈሪ ውዳሴ ሲመጣ ሐበሻ ጆሮ ቀና ይላል። ራስተፈሪ ባልሆንም እኔም ቀና እላለሁ።

ከአዲሶቹ የጃንግል ሙዚቀኞች ኒያ አርካይቭስን እወዳለሁ። ራሷ ትዘፍናለች፣ ራሷ ታቀናብራለች። የ2024ቱ «ሳይለንስ ኢዝ ላውድ» አልበሟ የድሮውን ከበሮ ይዞ የዛሬ ልጅ ናፍቆትና ብቸኝነት ያወራል። ታናሽ እህቴ ካስደመጥኳት ሁሉ የተቀበለችው እሷን ብቻ ነው። «ይቺ እንኳን ቢያንስ ትዘፍናለች» አለችኝ።