ኮላ የተቀባው ተረት

የ4 እና የ5 ዓመት ልጆች በማስተምርበት መዋዕለ ሕፃናት ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ አንድ አሮጌ ኦቨርሄድ ፕሮጀክተር (መስታወቱ ላይ የተቀመጠውን ነገር በብርሃን ግድግዳ ላይ አጉልቶ የሚያሳይ መሣሪያ) አቧራ ለብሶ ተቀምጦ ነበር። አወጣነውና ከነጭ ግድግዳ ፊት ለፊት፣ ልጆቹ ቁጭ ብለው በሚደርሱበት ከፍታ አስቀመጥነው። ከጎኑ በየሣጥኑ ቆርኪ፣ ላባ፣ የደረቀ ቅጠል፣ ክር፣ የወንፊት ቁራጭ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ባለ ቀለም ላስቲክ አደረግን። ይህን ሥሩ፣ ያንን ሥሩ አላልናቸውም።

መጀመሪያ ግራ ያጋባቸው ቀለም ነው። አንዷ ልጅ የሚያብረቀርቅ ቀይ ቆርኪ መስታወቱ ላይ ብታስቀምጥ ግድግዳው ላይ ጥቁር ክብ ወጣ። አንስታ ገልብጣ አየችው፤ ቀይ ነው። መልሳ አስቀመጠችው፤ ጥቁር።

«ቲቸር፣ ቀዩን በላው!»

ቆርኪው ብርሃን ስለማያሳልፍ ግድግዳው የሚያየው ጥላውን ብቻ ነው። ላስቲኩ ግን ቀለሙን ይዞ ይሻገራል፤ ቢጫው በሰማያዊው ላይ ሲደረብ አረንጓዴ ይሆናል። ልጆቹ ይህንን ያገኙት በራሳቸው እጅ ነው። ማብራሪያ ከመጠየቃቸው በፊት ተረት አደረጉት፦ ቆርኪው ቀለም የሚበላ አውሬ ሆነ፤ የተደራረቡት ላስቲኮች አውሬው የሚሸሸግበት ጫካ። ላባው ወፍ ነው። ከመስታወቱ ላይ ብድግ ሲያደርጉት ምስሉ ይደበዝዛል፤ ያኔ ወፏ ርቃ ሄደች ማለት ነው። (የሚደበዝዘው ሌንሱ የተስተካከለው ለመስታወቱ ገጽ ስለሆነ ነው። ተረቱ ላይ ግን ርቀት ሆኖ በደንብ ስለሠራላቸው ዝም አልኩ።)

ክሩ አንድ ቀን ወንዝ፣ በማግስቱ እባብ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ የታመመችው ወፍ የምትጎተትበት ገመድ ነበር። በር ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው ዕቃ መበተን ነው የሚመስለው፤ አንዳንድ ባልደረቦቼም ይህንኑ ብለውኛል።

የወላጆች ቀን ሲቃረብ ርዕሰ መምህሩ መጡና ግድግዳችንን አዩ። «ባዶ ነው እኮ! ወላጅ መጥቶ ምን ሊያይ ነው?» አሉ። ላባውና ቆርኪው ካርቶን ላይ በኮላ ተለጥፎ እንዲሰቀል ፈለጉ። እኔ አልተስማማሁም። ረዳት መምህርቷ፣ እኔ እትዬ ነው የምላቸው፣ ከርዕሰ መምህሩ ጎን ቆሙ። «ልጄ፣ ሰው እኮ ልጁ የሠራውን ነገር ማየት ይፈልጋል፤ ወሬ ብቻ ምን ያደርግለታል?» አሉኝ። ከንቱ ክርክር አይደለም። በመጨረሻ ክፍሉን ተካፈልን፦ የእትዬ ቡድን ይለጥፋል፤ የእኔዎቹ ዕቃውን እንደልባቸው እያንቀሳቀሱ ይቀጥላሉ፣ እኔ ፎቶ እያነሣሁ ልጆቹ የሚሉትን ቃል በቃል ከሥሩ እጽፋለሁ።

በዕለቱ ብዙ ሰው ቆሞ ያየው የተለጠፈውን ነው። ያምር ነበር፤ እኔም ወድጄዋለሁ። አንድ ወላጅ «ይሄ ምንድን ነው?» ሲል ልጁ «ወፍ» ይላል፣ ወላጁ «ጎበዝ!» ብሎ ያልፋል፣ ወሬው እዚያው ያልቃል። አንዱ ልጅ ግን ለእናቱ ስለ አውሬው ሲተርክ ቆየና «ከዚያ ወደ ጫካው ሲገባ…» ብሎ ቆርኪውን ገፋው። አልነቃነቅ አለው። በጥፍሩ ፈልፍሎ ሲነቅለው ካርቶኑ ተቀደደ። እናቱ «ምን ዓይነት ልጅ ነህ!» ብለው ሊቆጡ ሲሉ እትዬ ፈጠን ብለው ጣልቃ ገቡ።

«ተዪው የኔ እመቤት። አውሬው ገና ጫካ አልገባም።»

ልጁም የተነቀለውን ቆርኪ ይዞ ወደ ፕሮጀክተሩ ሮጠ። ከታች የተጣበቀበት ካርቶን አብሮት ስለሄደ አውሬው ግድግዳው ላይ ጭራ አውጥቶ ታየ። ያ ጭራ ከዚያ ወዲህ ተረቱ ውስጥ ቀርቷል።

እንግሊዛዊው አርቲስት ሳይመን ኒኮልሰን እ.ኤ.አ. በ1971 በጻፈው ጽሑፍ፣ በአንድ ቦታ ላይ ሰው ምን ያህል ሊፈጥርና ሊመራመር እንደሚችል የሚወስነው እዚያ ያሉት ሊለዋወጡ የሚችሉ ነገሮች ብዛትና ዓይነት ነው ብሎ ነበር። አሸዋና ውኃ፣ እንጨትና ድምፅ ለእርሱ እኩል መጫወቻ ነበሩ። ኮላ የነካው ካርቶን ላይ የሚለዋወጥ ነገር አልቀረም፤ ልጁ የሚተርከው ደግሞ እጁ የሚያንቀሳቅሰውን ተከትሎ ነው። ለዚህ ነው «ይሄ ምንድን ነው?» የሚለውን ጥያቄ በክፍላችን የማልወደው። ላባው ወፍ ነው ተብሎ አንዴ ከተመለሰ ነገ ጀልባ ለመሆን ይቸግረዋል። «ከዚያስ?» ወይም «አሁን የት ደረሰች?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ያስወራል። ምንም ሳይጠይቁ አጠገባቸው መቀመጥም እንዲሁ።

ይህን ሥራ ለመጀመር ለሚያስቡ መምህራን ሁለት ሦስት ጥንቃቄ ልንገራችሁ። በሶፍት ጥቅል ካርቶን ቀዳዳ የሚያልፍ ዕቃ ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ፣ ወይም ዕቃ አፉ ውስጥ መክተት ላልተወ ልጅ አይሰጥም፤ ሊያንቀው ይችላል። በክብ የሰዓት ባትሪ የሚሠሩ ትንንሽ መብራቶችን ጨርሶ ከክፍል አስወጡ፤ ባትሪው ተውጦ ጉሮሮ ላይ ከተቀረቀረ 2 ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ክፉኛ ሊያቃጥል ይችላል። ፕሮጀክተሩ ደግሞ ስለሚግል የአየር መውጫውን ጨርቅም ላስቲክም እንዳይሸፍነው፣ ገመዱም ማንንም እንዳይጠልፍ ግድግዳ ጥግ ይያዝ።

ርዕሰ መምህሩ አሁንም የሚሰቀል ነገር ይፈልጋሉ። ስለዚህ የአንድ ተረት ተከታታይ ፎቶዎች፣ ከልጆቹ ቃል ጋር፣ በየጊዜው እየተቀየሩ ይሰቀላሉ። ቃሉን የሚጽፉት እትዬ ናቸው፤ ከእኔ ይልቅ ፈጣን ጸሐፊ ሆነው ተገኝተዋል፤ የልጆቹን ስሕተትም አያርሙም።

በቅርቡ የፕሮጀክተሩ አምፖል ተቃጠለ። ምትኩ እስኪገኝ ነጭ አንሶላ ወጥረን ከበስተኋላው የእጅ ባትሪ አበራን። እዚህ ጨዋታው ቀለም ሳይሆን መጠን ሆነ፤ ዕቃው ወደ ባትሪው በቀረበ ቁጥር ጥላው ይገዝፋል። ይህን ባወቁ ማግስት የማን አውሬ ይበልጣል በሚል ጠብ ተነሣ፤ ሁሉም ወደ ባትሪው ተጋፍተው ብርሃኑን ሸፈኑት። አንሶላው ጨለመ። «በቃ፣ ሁሉንም በላቸው» አለች አንዷ፤ እትዬም ጻፉት።