የጊዮርጊስ ባንዲራ በብሪስቶል

ብሪስቶል የገባሁት በሴፕቴምበር 2025 ነው። አክስቴና ልጇ ከአውቶቡስ ጣቢያ በመኪና ወሰዱኝ። ከመሀል ከተማው ወጣ እንዳልን ምሰሶው ሁሉ ባንዲራ ለብሷል። ነጭ መደብ፣ ቀይ መስቀል። አንድ አደባባይ ላይማ አስፋልቱን ሳይቀር ቀብተውታል።

«ጊዮርጊስ!» አልኩ ሳላስበው። ለእኔ ያው ወር በገባ በ23 የሚከበረው ፈረሰኛው ነው። አክስቴም አንድ እጇን ከመሪው አንስታ አማተበች።

«እማ፣ ኧረ!» አለች ልጅቷ ከኋላ እየሳቀች። ከዚያ ነገሩን አስረዳችኝ። ኦገስት ላይ ነው ሰዉ ይህን የእንግሊዝ ባንዲራ በየሰፈሩ መስቀል የጀመረው። ሰቃዮቹ «አገር መውደድ ምን ነውር አለው?» ይላሉ። ግን ጥገኝነት ጠያቂዎች ባረፉባቸው ሆቴሎች ደጃፍ የተቃውሞ ሰልፉ የጦፈውም በዚያው ሰሞን ነው። ጁላይ ላይ የእንግሊዝ ሴቶች የአውሮፓን ዋንጫ ሲያነሱ እሷም ይህንኑ ባንዲራ ጉንጯ ላይ ተቀብታ ጨፍራለች። «አሁን ግን ማታ ማታ በዚህ መንገድ ብቻዬን አልሄድም» አለችኝ።

እራት ላይ «አንቺ እኮ እንግሊዛዊት ነሽ» አልኳት። እዚያው ብሪስቶል ነው የተወለደችው።

«ብሪቲሽ ነኝ። ኢንግሊሽ እንኳን አይደለሁም።»

ግራ ገባኝ። በእኛ አማርኛ ሁለቱም እንግሊዝ ነው። ስኮትላንዱንም ዌልሱንም ጠቅልለን እንግሊዝ ብለን እናልፋለን። እዚያ ግን ጠቡ ያለው እዚህችው ላይ ነው። ብሪቲሽነት በፓስፖርት ይገኛል። ኢንግሊሽነትስ? የቦታ ነው የዘር? ሪሺ ሱናክ ሳውዝሃምፕተን ተወልዶ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ አገር ከመራ በኋላ እንኳ በ2025 መጀመሪያ «ኢንግሊሽ ነው ወይስ አይደለም?» እየተባለ ሲያከራክር ነበር። ለንደን የተወለደችው የቀድሞዋ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሱዌላ ብራቨርማን ደግሞ «እኔ ራሴ ኢንግሊሽ አይደለሁም» ብላ አረፈችው።

እኔን የገረመኝ ግን የሕዝብ ቆጠራው ነው። በእንግሊዝና በዌልስ በ2011 «ኢንግሊሽ ብቻ» ያለው ሰው 57.7 በመቶ ነበር። በ2021 ወደ 14.9 ወረደ። «ብሪቲሽ ብቻ» ያለው ከ19.1 ወደ 54.8 ተተኮሰ። ሕዝቡ በአሥር ዓመት ልቡን ቀየረ? የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ ራሱ እንዳለው፣ «ብሪቲሽ» የሚለው ምርጫ ቅጹ ላይ ወደ መጀመሪያው መስመር መውጣቱ ሳይሆን አይቀርም አንዱ ምክንያት። እንዲህ ደም የሚያፋላ ጉዳይ ላይ ስንቱ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ ያረፈበትን ሳጥን ምልክት አድርጎ እንደሄደ አስቡት።

ልጅቷን የሚያናድዳት ይህ አይደለም። ሁለተኛዋ ጥያቄ ናት። «ከየት ነሽ?» ሲሏት «ከብሪስቶል» ትላለች። ከዚያ «እሺ፣ ከመሠረቱስ?» ይመጣል። በ2022 ባኪንግሃም ቤተ መንግሥት ግብዣ ላይ አንዲት የረጅም ጊዜ ባለሟል ጥቁር እንግዳን በዚችው ጥያቄ ደጋግማ ወጥራ፣ ይቅርታ ጠይቃ ኃላፊነቷን ለቃለች።

በማግስቱ ሦስታችንም ኤም ሼድ ሙዚየም ሄድን። ኤድዋርድ ኮልስተን በጀርባው ተንጋሏል። በባሪያ ንግድ የከበረ ሰው ነው። በ1895 ከተማው ሐውልት አቆመለት። ጁን 7 ቀን 2020 ሰልፈኞች በገመድ ጎትተው ጣሉት፤ እያንከባለሉ ወስደው ወደቡ ውስጥ ወረወሩት። ቀይና ሰማያዊው ቀለም ዛሬም ላዩ ላይ አለ። አራት ሰዎች ተከሰው በ2022 ነጻ ወጡ። ተከራክሮ ያልጨረሰ አገር ሐውልቱን አያቆመው፣ አይቀብረው፤ አስተኝቶታል።

አጠገባችን አንድ ነጭ ሽማግሌ ቆመው ነበር። «ከየት ነሽ?» አሏት ልጅቷን።

«ፊሽፖንድስ» አለች፤ እዚያው ብሪስቶል ያለ ሰፈር ነው።

ሁለተኛዋን ጥያቄ ጠበቅኩ። «እኔ ቤድሚንስተር» አሏት፤ ከዚያ የአውቶቡስ መዘግየት ማማት ጀመሩ። ቆይተው ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ?»

«አዲስ አበባ» አልኩ።

አክስቴ ቀበል አድርጋ «ከመሠረቱ እንኳን የደብረ ማርቆስ ሰው ነው» አለቻቸው።