«የለም» እና «ባዶ ነው»፦ በአሬይ ውስጥ እሴትን በቁልፍ ስለመፈለግ

አንድ ተጠቃሚ የግል መረጃ ገጹን ከፍቶ የስልክ ቁጥሩን ያጠፋና «አስቀምጥ» የሚለውን ይጫናል። ገጹም «ለውጡ ተቀምጧል» ይለዋል፤ ተመልሶ ሲከፍተው ግን ስልኩ እንደነበረ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። ይህ ቅሬታ ሲደርሰኝ መጀመሪያ የጠረጠርኩት ዳታቤዙን ነበር፤ ቀጥዬ ካሹን (ጊዜያዊ የቅጂ ማከማቻውን) ጠረጠርኩ። ግማሽ ቀን ከባከነ በኋላ ጥፋቱ የተገኘው እኔው ራሴ በፒኤችፒ የፕሮግራም ቋንቋ በጻፍኩት አንድ መስመር ላይ ነው። መስመሩ፣ ከብራውዘሩ በጄሰን (መረጃ በጽሑፍ በሚላክበት ቅርጸት) የመጣው መረጃ ወደ አሬይ፣ ማለትም እያንዳንዱ እሴት በቁልፍ ወደሚቀመጥበት ዝርዝር፣ ከተለወጠ በኋላ፣ «ስልክ» የሚል ቁልፍ እንዳለ ኢስሴት በተባለው መፈተሻ ይጠይቃል፤ ካለ ዳታቤዙን ያድሳል፣ ከሌለ የቀድሞውን ሳይነካ ያልፋል። ብራውዘሩ ቁልፉን በትክክል ልኮታል፤ እሴቱ ግን ናል («ምንም የለም» የሚል እሴት) ነበር። ኢስሴት ደግሞ ቁልፉ ቢኖርም እንኳ እሴቱ ናል ከሆነ የሚመልሰው ፎልስ (ሐሰት) ነው። ስለዚህ ኮዴ «ስልኬን አጥፉልኝ» የሚለውን ጥያቄ «ስለ ስልኬ ምንም አላልኩም» ብሎ ተረጎመው።

አንድን እሴት በቁልፍ ስንፈልግ፣ ሳናስተውለው የምናነሳቸው ጥያቄዎች ሦስት ናቸው፦ ቁልፉ አለ ወይ? ካለስ በሥሩ የተቀመጠ ነገር አለ ወይ? የተቀመጠውስ ምንድን ነው? አሬይ ኪ ኤግዚስትስ የተባለው ፋንክሽን የሚመልሰው የመጀመሪያውን ጥያቄ ብቻ ነው። ኢስሴት የመጀመሪያውንና ሁለተኛውን አንድ ላይ ይጠይቃል። ኢምፕቲ ደግሞ ከዚያም አልፎ ናልን፣ ፎልስን፣ ባዶ ስትሪንግን (ጽሑፍን)፣ ባዶ አሬይንና ዜሮን በአንድ ከረጢት ይከታቸዋል፤ በመሆኑም «ብዛት» በሚል ሳጥን ውስጥ ሆን ብሎ 0 የጻፈ ሰው «እባክዎ ብዛቱን ይሙሉ» የሚል መልስ ይደርሰዋል። በእኔ እምነት ኢምፕቲ ከፎርም በሚመጣ መረጃ ላይ ባይውል ይመረጣል።

እ.ኤ.አ. በ2015 ከፒኤችፒ 7.0 ጋር የመጣው የሁለት ጥያቄ ምልክት (??) አጻጻፉን በጣም አሳጥሮታል፤ ቁልፉ ከሌለ ወይም እሴቱ ናል ከሆነ በስተቀኙ ያለውን ምትክ ይሰጣል፣ ማስጠንቀቂያም አያወጣም። ከገጽ ቁጥርና ከመደርደሪያ ቅደም ተከተል ለመሳሰሉት ነገሮች ከእርሱ የተሻለ የለም። ሆኖም እርሱም እንደ ኢስሴት ናልንና አለመኖርን አይለይም። ልዩነቱ ትርጉም የሚኖረው በከፊል ማደስ፣ ማለትም የሚለወጠውን ብቻ ልኮ ማደስ ላይ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣውና አርኤፍሲ 7396 የተባለው የኢንተርኔት ደንብ ሰነድ ለጄሰን በደነገገው ስልት፣ ያልተጠቀሰ ቁልፍ «አትንካው»፣ ናል የያዘ ቁልፍ «አጥፋው» ማለት ነው። ተራ የኤችቲኤምኤል ፎርም ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው፤ ምልክት ያልተደረገበት ቼክቦክስ ጨርሶ አይላክም። እዚያ የቁልፉ አለመኖር ራሱ መልስ ነው።

ቁልፉ ራሱም ሁልጊዜ እንዳስቀመጥነው አይቆይም። በፒኤችፒ አሬይ ውስጥ ቁልፍ መሆን የሚችሉት ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) እና ስትሪንግ ብቻ ሲሆኑ፣ በተለመደው አጻጻፍ ሙሉ ቁጥር የሆነ ስትሪንግ ሲገባ ወደ ኢንቲጀር ይለወጣል፤ ትሩ (እውነት) 1 ይሆናል። «8» በስትሪንግነት ገብቶ 8 ሆኖ ይወጣል፤ «08» ግን በዜሮ ስለሚጀምር ስትሪንግ እንደሆነ ይቀራል። የዕቃ ኮዶችን ቁልፍ አድርገው ያስቀመጡበትን አሬይ በፎርኢች እየዞሩ እያንዳንዱን ቁልፍ ከስትሪንግ ጋር ዓይነትንም ጭምር በሚያነጻጽረው በሦስት እኩል ምልክት (===) ቢያነጻጽሩ፣ «0045» ይገጥማል፤ «1045» ግን ኢንቲጀር ሆኖ ስለሚወጣ አይገጥምም። ስህተቱ አንዳንድ ዕቃ ላይ ብቻ ስለሚታይ ደግሞ ሰው ኮዱን ትቶ ዕቃውን መመርመር ይጀምራል። በጃቫስክሪፕት ነገሩ ይገለበጣል፤ በተራ ኦብጀክት ውስጥ ቁጥር የነበረው ቁልፍ ወደ ስትሪንግ ይለወጣል፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የመጣው ማፕ ግን 8ን እና «8»ን ለያይቶ ይይዛቸዋል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ በሌሎች ሰዎች ኮድ ውስጥ በብዛት የማየው ችግር ግን ቁልፍ እያለ በቁልፍ አለመፈለግ ነው። 5,000 ትዕዛዞችና 2,000 ደንበኞች በሁለት የተለያዩ ዝርዝሮች አሉ እንበል፤ ለእያንዳንዱ ትዕዛዝ የደንበኛውን ስም ማምጣት ይፈለጋል። በትዕዛዞቹ ሉፕ (አንድ በአንድ በሚዞረው ኮድ) ውስጥ የደንበኞቹን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች የሚፈትሽ ሌላ ሉፕ ከተጻፈ፣ ሥራው በከፋው ሁኔታ 10,000,000 ማነጻጸር ይደርሳል። የደንበኞቹን ዝርዝር አስቀድሞ አንድ ጊዜ ዞሮ መለያ ቁጥራቸውን ቁልፍ ያደረገ አሬይ ከተሠራ ግን 2,000 ማስገባትና 5,000 መፈለግ ብቻ ይቀራል። ፒኤችፒ ለዚህ አሬይ ኮለም የሚባል ፋንክሽን አለው፤ ሁለተኛውን ግቤት ናል፣ ሦስተኛውን የመለያውን ስም ብናደርገው ሙሉ መዝገቦቹን በመለያ ቁጥር አደራጅቶ ይሰጠናል። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ቁልፉ ልዩ ካልሆነ ነው፤ ለምሳሌ በኢሜይል ስናደራጅ ሁለት መዝገቦች አንድ ኢሜይል ቢጋሩ የኋለኛው የፊተኛውን ያለ ምንም ድምፅ ይተካዋል።

ከእሴት ተነስቶ ቁልፉን የሚፈልገው አሬይ ሰርች ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። ካገኘ ቁልፉን፣ ካላገኘ ፎልስን ይመልሳል፤ የተገኘው በመጀመሪያው ቦታ ላይ ከሆነ ግን ቁልፉ 0 ነው፣ 0 ደግሞ በኢፍ ውስጥ እንደ ፎልስ ይቆጠራል። ውጤቱን ከፎልስ ጋር በሦስት እኩል ምልክት ማነጻጸር ግዴታ የሚሆነው ለዚህ ነው።

በቁልፍ መፈለግ ፈጣን የሚሆነው ከውስጥ ሃሽ ቴብል፣ ማለትም ከቁልፉ በሚሰላ ቁጥር (ሃሽ) ቦታውን የሚያገኝ ሠንጠረዥ፣ ስላለ ነው። ፒኤችፒ አንድን ስትሪንግ ሃሽ ሲያደርግ ከ5381 ይነሳል፤ ለእያንዳንዱ ፊደል የያዘውን ቁጥር በ33 ያባዛና የፊደሉን የኮድ ቁጥር ይደምርበታል። ኮዳቸው 69 እና 122 የሆኑ ሁለት ፊደላት ተከታትለው ቢመጡ የእነርሱ ድርሻ 69 በ33 ተባዝቶ ሲደመር 122፣ ማለትም 2399 ነው። ኮዳቸው 70 እና 89 ለሆኑትም ይኸው 2399 ይወጣል። እነዚህን ሁለት ጥንዶች እያፈራረቁ በመደጋገም ሃሻቸው አንድ የሆነ እጅግ ብዙ ቁልፎች መሥራት ይቻላል፤ እነርሱ በአንድ ፎርም ሲላኩ ሰርቨሩ ሁሉንም በአንድ ሰንሰለት ላይ እየቆጠረ ይታነቃል። ይህ ጥቃት በታኅሣሥ 2011 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ በተካሄደ ጉባኤ በይፋ ከታየ በኋላ ፒኤችፒ 5.3.9 ከአንድ ጥያቄ የሚቀበለውን የግቤት ብዛት በነባሪው 1000 ላይ ገደበው።

ገደቡ ዛሬም አለ። ብዙ ረድፍ ያለውን ሠንጠረዥ በአንድ ፎርም የሚያስገባ ገጽ ከ1000 በላይ ሳጥኖች ሲኖሩት ትርፉ ይቆረጣል፤ ፒኤችፒ ማስጠንቀቂያ ቢያወጣም የሚወጣው ሎግ ውስጥ ነው፣ ሎግ የሚያነብ ደግሞ ጥቂት ነው። ብራውዘሩ በርግጥ የላከው ቁልፍ ኮዱ ዘንድ ሲደርስ «የለም» ይሆናል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ገጽ ላይ «ካልመጣ ሰርዘው» የሚል ሎጂክ ካለ፣ የተቆረጡት ረድፎች ከዳታቤዙ ሲጠፉ ያስተዋለ ሰው አይኖርም።

ወደ ስልኩ ልመለስ። ማስተካከያው ኢስሴትን በአሬይ ኪ ኤግዚስትስ መተካት ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን በፕሮጀክቱ ውስጥ ያሉትን ኢስሴቶች በሙሉ ፈልጌ አንድ በአንድ አየኋቸው። አብዛኞቹ ትክክል ስለነበሩ አልነካኋቸውም። ተጠቃሚው መረጃውን በሚያድስበት ክፍል ያሉትን ግን ሁሉንም ቀየርኳቸው፤ አድራሻውና የትውልድ ቀኑም እንደ ስልኩ አልጠፋ ብለው ኖረዋል፣ የጠየቀ ሰው አልነበረም እንጂ።