"ሸማ" ተጽፎ "ሰማ" ሲነበብ

የምሠራው ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ ባለች አንዲት ማስታወቂያ ቤት ውስጥ ነው። ባነር፣ ስቲከር፣ ላይት ቦክስ (ከውስጡ መብራት ያለው ታፔላ)፣ የሠርግ ካርድ፣ ማኅተም፤ የመጣውን አንመልስም። ደንበኛ አብዛኛውን ጊዜ ናሙናውን ስልኩ ላይ ይዞ ነው የሚመጣው። የሚያሳየን ደግሞ የውጭ አገር ሱቅ ታፔላ ነው። ጽሑፉ ላቲን ነው። "በቃ ይሄንኑ በአማርኛ አድርጉልኝ" ይላል።

ባለፈው ክረምት የመጡት እትዬም እንዲሁ ነበሩ። ሰኞ ገበያ አካባቢ ሱቅ ሊከፍቱ ነው። ሸማ፣ ጋቢ፣ ነጠላ፣ የጥልፍ ቀሚስ። ስልካቸውን አወጡና ወፍራም፣ ዝርግ፣ ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር የሞላ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አሳዩን። "ይሄን የመሰለ ነው የምፈልገው ልጆቼ። ዘመናዊ ይሁን። ከሩቅ ይጩህልኝ!"

ዲዛይነራችን ወጣት ነው። እጁ ፈጣን ነው፤ ኮሬል የሚባለው የዲዛይን ፕሮግራም ላይ ሲቀመጥ አይታማም። ሰሌዳው 4 ሜትር በ1 ሜትር ነበር። የሚጻፈው "ሸማና ጥልፍ" ብቻ ነው። ቦታው አልሞላ ሲለው ፊደሎቹን ወደ ጎን ጎተታቸው። አልወፍር ሲሉት ደግሞ ዙሪያቸውን አውትላይን፣ ማለትም የዳር መስመር፣ ጨመረባቸው። ይቺን ዘዴ በሙያው ያለ ሁሉ ያውቃታል። እጃችን የለመዳቸው የድሮዎቹ የአማርኛ ፎንቶች ብዙዎቹ ወፍራም ዝርያ የላቸውም። ስለዚህ ማወፈሪያችን አውትላይን ሆኖ ቀርቷል። ስክሪን ላይ ሲታይ መቼም ያምራል። እትዬም "ማሻአላህ!" ብለው ቀብድ ከፈሉ።

ላይት ቦክሱ በተሰቀለ ማግስት ስልክ ተደወለ። "ኧረ ልጆቼ፣ ምን ጉድ ነው ያመጣችሁብኝ? የባጃጅ ሾፌር ሁሉ እየሳቀብኝ ነው እኮ! 'እትዬ፣ ምን ሰሙ?' ይሉኛል።"

ሄደን አየነው። የደሴን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጠዋት ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መንገዱ ላይ ይተኛል። በዚያ ጉም ውስጥ፣ መብራቱ በርቶ፣ ከመንገዱ ማዶ ሆኖ ለሚያየው ሰው ታፔላው ቁልጭ አድርጎ የሚለው "ሰማና ጥልፍ" ነው። ጠጋ ሲሉ "ሸ" ይሆናል። ራቅ ሲሉ ግንባሩ ያበጠ "ሰ" ነው። ነገሩ ግልጽ ነበር። ሸ ማለት ሰ ሆኖ አናቱ ላይ አንድ ጭረት ያለው ነው። አውትላይኑ ጭረቷን ወደ ታች፣ ቅስቱን ወደ ላይ አወፈራቸውና ሁለቱ ተጣበቁ። በመሃል የነበረችው ክፍት ቦታ ጠፋች። የቀረችውን ደግሞ የመብራቱ ወጋገን በላት።

ይሄ ችግር ላቲን ላይ የዚህን ያህል አይብስም። 26 ፊደል ነው ያለው፤ ትልቁንና ትንሹን ብንቆጥር 52። የኛ 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ ያውም ዲቃሎቹን ሳይጨምር። ስለዚህ ሰ ከሸ፣ ተ ከቸ፣ ነ ከኘ የሚለየው በአንዲት ትንሽ ጭረት ነው። ካዕብና ሣልሱም እንደዚያው፤ ጎን ላይ ወይ እግር ላይ በምትቀጠል ትንሽ ነገር ነው የሚታወቁት። ለላቲን የተሠራን ቅርጽ አምጥቶ እነዚህ ላይ መጫን መጀመሪያ የሚያጠፋው እነሱኑ ነው። ሠዓሊው ወሰኔ ኮስሮፍ የአማርኛ ፊደልን ይሰባብራል፣ ይለጥጣል፣ ያገላብጣል፤ ያምርበታልም። የእሱን ሸራ ቆሞ ካላነበብኩ የሚል የለም። እትዬ ግን ሸማ መሸጥ አለባቸው።

ዲዛይነራችን ቀኑን ሙሉ ፒንተረስት የሚባለው የሥዕልና የፎቶ ድረ ገጽ ላይ ተጥዶ ዋለ። "መነሻ ሐሳብ እየፈለግኩ ነው" ይላል። ያገኘው ሁሉ ላቲን ነው። ማታ ላይ ዓይኑ ቀልቶ "አማርኛ እኮ ለዲዛይን አይመችም" አለ። ይሄን አባባል ስንቴ እንደሰማሁት! ሁልጊዜም ያናድደኛል።

በነጋታው እትዬ ብቻቸውን አልመጡም። የባለቤታቸውን ታላቅ ወንድም ይዘው መጡ። ሽማግሌው ድሮ በብሩሽ ታፔላ ይጽፉ ነበር። ልንሰደብ ነው ብለን ተሽቆጠቆጥን። እሳቸው ግን ስክሪኑን አንዴ አዩና "አብሽሩ፣ ይሄማ ቀላል ነው። ካርቶን አለ?" አሉ።

ካርቶን አመጣንላቸው። ሲባጎ በጠመኔ ለቅልቀው ግራና ቀኝ ወጠሩት። መሃሉን አንስተው ሲለቁት ጠብ! ነጭ መስመር ወጣ። ሌላ መስመር ከላይ ደገሙ። ጠፍጣፋ ብሩሽ ቀለም ውስጥ ነከሩና ሁለቱንም ጎኑን በጣሳው ከንፈር ላይ አበሱት። ከዚያ ሸ ጻፉ። ልብ ብዬ ያየሁት ብሩሹን ጨርሶ እንደማያዞሩት ነው። ወደ ታች ሲስቡት እግሩ ወፍራም ሆኖ ይወርዳል። ወደ ጎን ሲስቡት ቀጭን መስመር ይወጣል። የአናቷ ጭረት በራሷ ቀጥና መጣች። ከታችዋ ያለው ቦታም ክፍት ሆኖ ቀረ።

"ጋሼ፣ ሆን ብለው ነው ያቀጠኗት?" አላቸው ልጁ።

"እኔ ምን አቀጥናለሁ? ብሩሹ ነው እንጂ።"

ከጎኑ ደግሞ በዓረብኛ ቢስሚላህ ጻፉ። ልጅ ሆነው ቁርኣን የተማሩት ሉህ በሚባለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ ነው፤ እጃቸው ያኔ ነው የተፈታው። አሁን ብሩሹን አዘነበሉት። ወፍራሙና ቀጭኑ ቦታ ተለዋወጠ፤ አግድሙ ወፈረ፣ ቁሙ ሳሳ። ያው ብሩሽ፣ ያው ቀለም። የብራና ጸሐፊም መቃውን ቆርጦ ሲጽፍ ቁሙ የሚወፍረው፣ አግድሙ የሚቀጥነው በዚሁ ምክንያት ነው። እኛ አውትላይን ስንጨምር ሁሉንም እኩል እናወፍራለን። መሣሪያው ለዘመናት የጠበቀውን ልዩነት በአንድ ክሊክ እናጠፋዋለን።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1513 ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ ሮም ውስጥ መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ አሳተመ። በግዕዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ እሱ ነው። ከዚያ በፊት በግዕዝ ፊደል የታተመ መጽሐፍ ስላልነበረ፣ ፊደሉ ሲቀረጽ በዋናነት መታየት የሚችለው የእጅ ጽሑፍ ነበር። ይሄን ለልጁ ስነግረው "እሱ ፒንተረስት አልነበረውማ" አለኝ። ሳቅን።

የሽማግሌውን ጽሑፍ በስልክ አነሳነው። ልጁ ኮሬል ላይ አስገብቶ በላዩ ላይ መስመር በመስመር ተከተለው። የሸን የአናት ጭረት ትንሽ ወደ ላይ ገፋት፤ ላይት ቦክስ ላይ ብርሃኑ ስለሚያብጥ ክፍተቱ ከካርቶኑ ይልቅ ሰፋ ማለት ነበረበት። ለስልክ ቁጥሩና ለአድራሻው ኖቶ የተባለውን ፎንት ተጠቀመ። ነጻ ነው፤ ከቀጭን እስከ በጣም ወፍራም ድረስ ራሱን ችሎ የተሳለ ዝርያ አለው። ወፍራሙን ስትመርጥ ክፍተቶቹ አብረው ተስተካክለው ነው የሚመጡት። እንዲህ ያለ ነገር እያለ አውትላይን ላይ መንጠልጠላችን ስንፍና ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

አንድ ጣጣ ቀረ። ፊደሎቹ ካልተጎተቱ 4 ሜትሩን አይሞሉትም። ግራና ቀኝ ባዶ ሆነ። እትዬ ይሄን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ።

"ባዶውንም እኮ ከፍዬበታለሁ!"

ሽማግሌው ጣልቃ ገቡ። "አንቺ፣ ነጠላሽ ጥለቱ የት ነው ያለው? መሃሉ ላይ ነው?" እትዬ የለበሱትን ነጠላ ጫፍ ያዝ አድርገው አዩትና ዝም አሉ። ልጁ ወዲያው ገባው። በሁለቱም ጫፍ ላይ ቀጭን የጥለት ንድፍ አስገባ። መሃሉን ነጭ አድርጎ ተወው። ለእኔ ከጽሑፉ በላይ ያማረኝ እሱ ነው።

አዲሱ ታፔላ ተሰቀለ። ወጪውን አለቃችን እያጉረመረመ ከኪሱ ቻለው። ከዚያ ወዲህ አንድ ደንብ አውጥቷል። ማንኛውም ታፔላ ከመታተሙ በፊት በትንሹ ወረቀት ላይ ይወጣና ከመንገዱ ማዶ ያለው ጭማቂ ቤት በር ላይ ይለጠፋል። በኛ በር ላይ ጫማ የሚጠርገው ሊስትሮ ያነበዋል። እሱ ከተንተባተበ ወደ ኮምፒውተሩ እንመለሳለን። ልጁ መጀመሪያ ላይ ሞራሌ ተነካ ብሎ ነበር። አሁን ሊስትሮውን በስሙ እየጠራ "ና እስቲ ፈትሽልኝ" ይለዋል።

ስልኩም ተቀይሯል፤ ማለቴ ውስጡ። ፒንተረስቱን አልተወም። ግን "ፊደል" የሚል አቃፊ ከፍቷል። ስቲከር ለማድረስ ወደ ኮምቦልቻ በሄደ ቁጥር ሐረጎ ላይ የሚቀድሙትን ኢሱዙዎች የኋላ በር ፎቶ ያነሳል። የቆዩ የሱቅ በሮች፣ የወፍጮ ቤት ግድግዳ፣ የጠላ ቤት ሰሌዳ ሳይቀር አለው። እኔ ከሁሉም የወደድኩት አንድ ወፍጮ ቤት በር ላይ በሰማያዊ ቀለም የተጻፈውን "እህል" ነው። እሱ "ህ"ዋ አንገቷን በጣም ደፍታለች ይላል። እኔ ደግሞ ውበቷ እሱ ነው እላለሁ። እስካሁን አልተስማማንም።