ጳጉሜ 6 ያፈረሰችው ሲስተም

ኮድ መጻፍ ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። በዚህ ሁሉ ዓመት በጣም ያፈርኩበት ሥራ የጀማሪነቴ አይደለም፤ "አሁንስ ገብቶኛል" ብዬ የሠራሁት ነው።

በ2013 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላለ አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ሲስተም እንድንሠራ ተጠየቅን፣ እኔና ሁለት ልጆች። ሥራው ግልጽ ነው፤ አባላት ይቆጥባሉ፣ ያወጣሉ፣ ይበደራሉ፣ ወለድ ይሰላል። እኔ ግን ያኔ ማይክሮሰርቪስ የሚባለው ነገር፣ አንዱን ሲስተም ለየብቻቸው ወደሚሠሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች (ሰርቪሶች) መከፋፈል፣ ልቤን ወስዶት ነበር። 11 ሰርቪስ ሠራን። መሀላቸው መልእክት የሚያመላልስ ካፍካ፣ ሁሉንም የሚያስተዳድር ኩበርኔትስ፣ ከሥር አራት ዳታቤዝ። ለምን ሲሉኝ "ነገ አባሉ ሚሊዮን ቢሆንስ?" እል ነበር። እውነቱን ካወራን ግማሹ ምክንያት ሲቪዬ ላይ እንዲያምር ነው።

ምነው ያኔ ወረቀት አውጥቼ አንዲት ማካፈል በሠራሁ! ቅርንጫፉ ሁሉ ተደምሮ በቀን 6,000 ገደማ ገቢና ወጪ ነው የነበረው። በስምንት የሥራ ሰዓት ሲካፈል በአምስት ሰከንድ አንድ ማለት ነው። ይህንን አሮጌ ላፕቶፕ እያዛጋ ይሠራዋል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር።

ሁለት ዓመት እንደምንም ሄደ። ከዚያ ጳጉሜ 6 ቀን 2015 መጣች። ሰኞ፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ሰው ለዶሮና ለበግ ብር ሊያወጣ ተሰልፏል። ይህቺ ቀን በአራት ዓመት አንዴ ነው የምትመጣው፤ እኛ ጋ ደግሞ ቀን የሚቆጥሩት ሰርቪሶች ሦስት ናቸው፣ ሦስቱም በየራሳቸው ኮድ ነው የሚቆጥሩት፣ አንዱ ጳጉሜ ሁሌም አምስት ቀን ናት ብሎ ያምናል። ያ አንዱ የሂሳብ መዝጋቢው ሆኖ ተገኘ። ከፋዩ "ተከፍሏል" ይላል፣ መዝጋቢው "እንዲህ ያለ ቀን የለም" ብሎ ይመልሳል፣ መልእክቱ ይከማቻል። አባሉ ብሩን ይዞ ሄዷል፤ ሂሳቡ ላይ ግን ብሩ እንዳለ ቁጭ ብሏል።

የማኅበሩ የሂሳብ ሹም፣ ጡረታ የደረሱ እናት፣ ደወሉልኝ። "ልጄ፣ የድሮው ደብተራችን እኮ ጳጉሜ 6ን ያውቅ ነበር።"

ምን እመልሳለሁ? ስህተቱን ለማግኘት ዘጠኝ ሰዓት ፈጀብን። ማስተካከያው አንድ መስመር ነበር። ቀሪው ጊዜ ከ11 ሰርቪስ ሎግ (ፕሮግራሙ የሠራውን የሚጽፍበት መዝገብ) እየለቀሙ የቱ ቀድሞ የቱ ተከተለ ሲሉ መዋል ነው።

በ2016 አፈረስነው። አሁን አንድ ፕሮግራም፣ አንድ ፖስትግሬስ የሚባል ዳታቤዝ፣ አገር ውስጥ የተከራየነው አንድ ሰርቨር፣ ሌላ ቦታ የተቀመጠ ባክአፕ ነው ያለን። ቀን የሚቀመጠው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ወደ እኛው የሚቀየረው አንድ ቦታ ላይ ብቻ። ትልቁ እፎይታ ግን ትራንዛክሽን ነው። ክፍያውና ምዝገባው አብረው ይገባሉ፤ አንዱ ካልገባ ሌላውም አይገባም። ይህንን በ11 ሰርቪስ ለማምጣት ስንት ወር ደከምን፣ ፖስትግሬስ በነጻ ይሰጠን የነበረውን!

በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። የድሮው ሲስተም የነበረበትን፣ በዶላር የሚከፈልበትን ክላውድ (በኢንተርኔት የሚከራይ የውጭ ሰርቨር) ለቀን ባንወጣ ኖሮ ወርሃዊ ሂሳቡ በብር እጥፍ ሊሆን ነበር። ይሄኛው ብልሃት አይደለም፣ ዕድል ነው።

ጉዳት የለውም አልልም። አዲስ ነገር ስንጭን ሲስተሙ ሁለት ደቂቃ ይቆማል፤ ስለዚህ ማታ እንጭናለን። አንዴ ሎጉ ዲስኩን ሞልቶት ጠዋት ሥራ ቆመ። ግን የት እንደምፈልግ አውቅ ነበርና በአሥር ደቂቃ ተነሳ።

"ትልቅ ስንሆንስ?" የሚሉኝ ልጆች አሉ። ዋትስአፕ በ2014 እ.ኤ.አ. ለፌስቡክ ሲሸጥ በወር 450 ሚሊዮን ሰው ይጠቀምበት ነበር፤ ሠራተኞቹ 55 ነበሩ። ሰርቨራቸው ብዙ ነው፣ እሱን አልክድም። እኔ ግን ከአንዱ ፕሮግራም ሰርቪስ ቆርጬ የማወጣው መጀመሪያ ቀርፋፋውን ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚቀርብ ጥያቄ) አይቼ፣ ኢንዴክስ (የመፈለጊያ ማውጫ) ጨምሬ፣ ራም ጨምሬ፣ አሁንም ካቃተው ነው። እስካሁን አላቃተውም።

የሚቀጥለው ጳጉሜ 6 በ2019 ነው። ቴስታችን አዲስ ነገር በጫንን ቁጥር ያቺን ቀን ይሞክራል። ለሂሳብ ሹሟ ነግሬያቸው "እስቲ እናያለን" ብለውኛል፤ ደብተሩን ግን አልጣሉትም።