እህቴ የቀመሰችው ከረሜላ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሥራ ላይ እያለሁ እህቴ ደወለች። ስቅታ ንግግሯን ያቋርጣታል። "ወንድሜ፣ ቤቱ እየዞረብኝ ነው፤ ሆዴም ወደ ላይ ይለኛል። ቡናው ይሆን?"

ቡናው አልነበረም። የልጇን ሱሪ ለማጠብ ኪሱን ስትፈትሽ ክብና ጠፍጣፋ የፕላስቲክ ዕቃ አግኝታ ኖሯል። ውስጡ ነጫጭ ትንንሽ ከረጢቶች አሉት፤ ሽታቸው ናና ናና ይላል። ከረሜላ መስሏት አንዷን አፏ ውስጥ ጣል አድርጋ ቡናዋን ልትቆላ ተቀመጠች። አልቀልጥ ስትላት ደግሞ አኘከቻት!

"ትፊው፤ አፍሽን በውሃ ተጉመጥመጪ" አልኳት። ዕቃውን ስትነግረኝ አውቄዋለሁ። እኔ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ከአንድ ቤንዚን ማደያ ሱቅ ስሠራ ስድስት ዓመት ሆኖኛል፤ ያ ክብ ዕቃ ከጀርባዬ ተደርድሮ ይውላል። የኒኮቲን ከረጢት ይሉታል። የትምባሆ ቅጠል የለበትም፤ ኒኮቲን (ያው የሲጋራው ሱስ አስያዥ)፣ ማጣፈጫና መሙያ ነው። በከንፈርና በድድ መካከል ይሸጎጣል። እኛ ሱቅ በብዛት የሚሸጠው 15 ከረጢት ይይዛል፤ እያንዳንዱ 3 ወይም 6 ሚሊግራም ነው። ጭስ የለው፣ አመድ የለው፤ ልጅ ክፍል ውስጥ ይዞት ቢማር መምህሩ አያይም።

ዕድሜው 21 ላልሞላ አልሸጥም። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2024 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ዕድሜው ከ30 በታች የሆነን ሁሉ ፎቶ ያለበት መታወቂያ እንድንጠይቅ ታዘናል። እጠይቃለሁ። ገዢው 24 ዓመቱ ነው፤ ከፍሎ ይወጣል። በመስኮት ስመለከት ከመኪናው የኋላ ወንበር ሦስት ጎረምሶች እጃቸውን ይዘረጋሉ። እንጀራዬ እዚያ ስለሆነ ቀጣዩን ደንበኛ አስተናግዳለሁ፤ ይህን የምጽፈው ንጹሕ ሰው ሆኜ አይደለም።

ወላጆች ሲሰበሰቡ "የአሜሪካ ልጅ ሁሉ ጠፍቷል" ይላሉ። ይህ ማጋነን ነው። በ2019 ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች 27.5 በመቶው ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ይስቡ ነበር፤ በ2024 ቁጥሩ ወደ 7.8 በመቶ ወርዷል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ልጆቹን የምንጠይቅበት ቃል ነው።

ባለፈው ገና የእህቴን ልጅ ለብቻው ወስጄ "ታጨሳለህ?" ብዬው ነበር። ዓይኔን እያየ "ጋሼ፣ በፍጹም" አለኝ። አልዋሸኝም። ለእሱ ሲጋራ ማለት ጥርስ የሚያጠቁር፣ ልብስ የሚያገማ የሽማግሌ ነገር ነው፤ የሚጸየፈውም ከልቡ ነው። ኪሱ ውስጥ ያለውን ከዚያ ጋር የሚያገናኘው ነገር አልታየውም። አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅም እንደዚሁ ነው፤ ስመጣ የማንጎ ጣዕም ያለው ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ እንዳመጣለት ጠየቀኝ። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ማስገባቱም መሸጡም የተከለከለ መሆኑን ብነግረው "እሱ ለሲጋራ ነው፤ ይሄ እንፋሎት ነው" ብሎ አስተማረኝ።

ማታ እህቴ ቤት ሄድኩ፤ ተሽሏታል። ስለ ኒኮቲን ላስረዳት ብሞክር ቃሉ በአንድ ጆሮዋ ገብቶ በሌላው ወጣ። "ታዲያ ካልጨሰ ምኑ ሲጋራ ነው?" ትላለች፤ የልጇን ክርክር ሳታውቀው ትደግማለች። በመጨረሻ ወሎ ያለችው አያታችን ትዝ አለችኝ።

"ሱረት ነው" አልኳት። "እማማ ከመቀነቷ ጫፍ ቋጥራ የምትይዘው የትምባሆ ዱቄት። ይሄኛው ናና ተጨምሮበት በከረጢት ታሽጓል።"

ሲኒዋን አስቀመጠች። እማማ ሱረቷ ባለቀ ቀን ቤቱ ውስጥ ማን ደፍሮ ይናገር እንደነበር ሁለታችንም እናስታውሳለን። ጎረቤት ድረስ ተልከን በመሐረብ ቋጥረን ያመጣነው እኛው ነበርን።

በማግስቱ ምሳ ላይ እህቴ ጉርሻውን በእጇ እንደያዘች ወደ ልጇ ዞረች። "ና ንገረኝ፤ ሱረት ትወስዳለህ?"

ልጁ መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ እኔን አየ። "ጋሼ፣ ሱረት ምንድን ነው?"